ለሁሉም እሺ ያልኩበት ላፕቶፕ

ጥቅምት 4

ዛሬ የሆቴላችን ስልክ ማዞሪያ ላይ ብዙ ጥሪ አልነበረም። አንዲት የሆቴሉ እንግዳ ግን ፎጣ አልመጣልኝም ብላ ደጋግማ ደወለች። "እመቤቴ፣ እኔ ስልክ ነው የማገናኘው፣ ለጽዳት ክፍል ላገናኝዎት" ብላት፣ "ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው...

ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማዞሪያ ክፍሉ ሊዘጋ ነው። ከዚህ በኋላ ስልኩን ማሽን ያገናኘዋል። ከእኛ መሀል የፕሮግራም አጻጻፍ ፈተና ያለፈ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ይዛወራል። ያላለፈ "ይሰናበታል" ይላል። በቃ፣ ይሰናበታል! ይሄን ያህል ዓመት ጆሮዬ እስኪግል የሰው ስልክ ሳገናኝ ኖሬ! ሥልጠናው ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ነው። ፈተናው በየራሳችን ላፕቶፕ፣ በሊኑክስ።

ሊኑክስ ምንድነው? አጠገቤ የምትቀመጠውን ሳቂታዋን ጠየቅኳት። "የሳሙና ስም ነው የሚመስለው" ብላ ተንከተከተች። እሷ አልመዘገብም አለች። "በዚህ ዕድሜዬ?" ትላለች። በዕድሜ እኮ እኔ ነኝ የምበልጣት!

ተመዘገብኩ።

ጥቅምት 7

ባሌ ለታላቅ ወንድሙ ነግሮት ኖሮ ዋርሳዬ አሮጌ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። "በይ ጎበዝ፣ ከእንግዲህ ያንቺ ነው።" ምን ይባላል? ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ከልቤ ነው።

ሊኑክሱንም እሱው ጫነልኝ። ለካ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ላፕቶፑን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። የእሱ ሚንት ይባላል። "ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ሌላ የሚልሽ ካለ አትስሚው።" አሠራሩን እንዳይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያየሁት ትከሻውን ነው። ጣቶቹ ይሮጣሉ፣ መስኮት ይከፈታል፣ ይዘጋል...

"ገባሽ?"

"ገባኝ።"

ምኑ ነው የገባኝ? ለምንድነው ሁልጊዜ ገባኝ የምለው?

ጥቅምት 9

ጥቁሩ መስኮት፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ጻፍኩ። ምንም አይታይም። አንድ ፊደል የለም፣ ነጥብ የለም። ቁልፎቹን ቀጠቀጥኳቸው። ጭጭ። ኪቦርዱ ሞተ! የሰው ስጦታ ገና እጄ ሳይለምደው ገደልኩት!

ተሸክሜው ከሕንፃችን ምድር ቤት ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ወረድኩ። አይቶ ሳቀ። "እመቤት፣ ኪቦርዱ ምንም አልሆነም። የይለፍ ቃል ሲጻፍ አይታይም። ሰው እንዳያይብሽ ነው።" ኧረ በፈጠረህ! እቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ ማን ነው የሚያይብኝ?

አመስግኜ ልወጣ ስል ስክሪኑን አየና ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄን ማነው የጫነልሽ?"

"ዋርሳዬ።"

"ሰውየው ክፉ ባይሆንም... አምጪው እስቲ።"

ዴቢያን ጫነልኝ። "አለት ነው፣ አለት። አንዴ ከጫንሽው ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል።" ምንም አልቀበልም አለ። በነጻ የሚሠራልኝን ሰው በምን አፌ እምቢ ልበለው? የዋርሳዬን ብቻ እንዳታጠፋብኝ ብዬ ለመንኩት። ዲስኩን ለሁለት ከፈለው። አሁን ላፕቶፑ ሲከፈት የትኛው ይነሳ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ምን አውቅልሃለሁ?

ጥቅምት 13

የመጀመሪያው ሥልጠና። አሠልጣኟ ቀጭን ናት፤ ስታወራ ትንፋሽ አትወስድም። "በፈለጋችሁት ሊኑክስ መሥራት ትችላላችሁ" ብላ ጀመረች። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"ይሄ ምንድነው? ሁለት? ለፕሮግራመር የሚሆነው እኮ ፌዶራ ነው። አምጪው እስቲ።"

ፈተናውን የምታወጣው እሷ ናት። እሺ መምህር አልኩ። ሌላው ተማሪ የመጀመሪያ ትእዛዙን ሲጽፍ እኔ የእሷን ትከሻ ሳይ አመሸሁ።

ጥቅምት 14

ሦስት ሊኑክስ። አንድ ላፕቶፕ። አንድ መስመር ፕሮግራም ገና አልጻፍኩም።

ጥቅምት 15

ቅዳሜ። ዋርሳዬ ሊጠይቀን መጣ። ሳይቀመጥ፣ "እንዴት ሆነልሽ? የኔው ነው አይደል?" አለኝ። እሱ በር ሲያንኳኳ ሮጬ ሚንትን አስነስቼ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "የአንተው ነው ጋሼ" አልኩት። ደስ አለው። ሰውየው እንዲህ ደስ ሲለው እንዴት ነው እውነቱን የምነግረው?

አሁን ሥርዓት አውጥቻለሁ። ለቅዳሜ ሚንት። ለማክሰኞና ለሐሙስ ፌዶራ። ከሥራ ስገባ ጠጋኙ ደረጃው ሥር ቆሞ "እንዴት ነው አለቱ?" ስለሚለኝ ለእሱ ዴቢያን። ባሌ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ይስቃል። "ሦስት ባል ያገባች ሴት እንኳን እንዳንቺ አትቸገርም" አለኝ። አንተን አንዱን መቼ ቻልኩህ አልኩት።

ጥቅምት 21

የመጀመሪያ ፕሮግራሜን ጻፍኩ! ስም ይጠይቃል፣ ሰላምታ ይመልሳል። የራሴን ስም ጠርቶ እንደምን ዋልሽ ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ባሌን ጠርቼ ላሳየው... የለም። ፋይሉ የለም! ሁሉንም ቦታ አገላብጬ ፈለግኩ። ያጠፋሁት መሰለኝና እንባዬ መጣ።

ለካ የጻፍኩት በጠጋኙ ነው፣ የምፈልገው በአሠልጣኟ። ሦስቱ አንድ ቤት ተከራይተው አንዱ የሌላውን ክፍል አይገባም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ጥቅምት 27

በአንዱ ዋይፋይ አለ፣ ዲስኩ ላይ ቦታ የለም። በሌላው ቦታ አለ፣ ዋይፋዩን አላገኘውም። በሦስተኛው ሁለቱም አለ፣ የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ። ከሁለት ያጣ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ከሦስት ያጣሁ ነኝ።

ኅዳር 2

ኢንተርኔት ላይ ጀማሪዎች የሚጠይቁበት ቦታ አለ። "ሦስት ሊኑክስ ጭኛለሁ፣ የትኛውን ልተው?" ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ፣ ሦስቱንም አጥፊና ሌላ ጫኚ አለኝ። ሌላው የለም እሱ አይረባም፣ ይሄን ጫኚ አለ። ከዚያ እኔን ትተው እርስ በርሳቸው ተሰዳደቡ። አንድ ሰው ብቻ፣ "ሁሉም ውስጡ አንድ ነው፣ ፕሮግራም ጻፊ" ብሏል። ማለትም አልሸሹም ዞር አሉ። ታዲያ ለምንድነው ሰው እንዲህ የሚጣላው?

በሥልጠና ላይ ሌሎቹ ስለ ድግግሞሽ ይማራሉ። እኔ ላፕቶፑ እስኪነሳ እጠብቃለሁ። ፈተናው ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ዛሬ ማዞሪያው ላይ ጆሮዬ ላይ ያደረግኩትን ማዳመጫ ሳወልቅ ፈራሁ። ከዚህ ከወጣሁ የት ነው የምሄደው? "ስልክ አገናኛለሁ" የሚል ሰው ማን ይቀጥራል?

ኅዳር 6

የዛሬውስ ጉድ ነው።

ሐሙስ ዕለት አሠልጣኟ የቤት ሥራሽስ ስትለኝ ላፕቶፑ አስቸገረኝ ብዬ ነበር። ውሸት አይደለም እኮ። "ቅዳሜ በሠፈራችሁ አልፋለሁ፣ ብቅ ብዬ አየዋለሁ" አለች። መምህር፣ አትድከሚ ብል ማን ሰምቶኝ። ዛሬ መጣች። ሻይ ሳቀርብላት በሩ ተንኳኳ፤ ዋርሳዬ። ቅዳሜ አይደል! እጄ እግሬ ተሳሰረ። ተዋውቀው ሳይጨርሱ ደግሞ ጠጋኙ፣ "እመቤት፣ ባለፈው ደረጃው ላይ የወደቀብሽን ቻርጀር አግኝቼልሻለሁ" እያለ ገባ። ባሌ ያየኛል። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል። ገደል ግባ!

ዋርሳዬ ላፕቶፑን ከፈተው። ሦስቱ ስም ተደርድሮ ወጣ። ሚንት፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ።

"ይሄ ምንድነው?" አለ።

"ባለፈው የኔው ነው አላልሽኝም?"

"ጋሼ..."

"እኔንም በፌዶራ ነው የምሠራው ብለሽኛል" አለች አሠልጣኟ።

ጠጋኙ፣ "እኔንማ በየቀኑ ነው የምታመሰግነኝ" አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! ከዚያ ምን ሆነ? እኔን ረሱኝ። ሦስቱም ላፕቶፑ ላይ አጎነበሱ። "ዲስኩን እንዲህ የከፈለው ማነው?" "እኔ ነኝ፣ ምን ሆነ?" "ይሄማ ጥፋት ነው።" "ወንድሜ፣ አንተ ያልገባህ..." "እስቲ አምጪው።" "እስቲ አምጣው።" "ቆይ ቆይ፣ እኔ ላስተካክለው።" ላፕቶፑ ከጉልበት ወደ ጉልበት ይዞራል። ሻዩ ቀዘቀዘ። አንድ ጊዜ እጄን ዘርግቼ ነበር። ዋርሳዬ ሳያየኝ፣ "አንቺ አረፍ በይ" አለኝ።

ሲሄዱ ላፕቶፑ አይነሳም። አንዱም አይነሳም። ጥቁር ስክሪን፣ ጥግ ላይ አንድ ብልጭ ድርግም የምትል መስመር። ሦስቱም ደረጃው ላይ "እኔ የነካሁት አይደለም" ሲባባሉ ሰማሁ።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባሌ መጣ። መሳቁን ትቷል። "ለምን አይሆንም አላልሻቸውም?" አለኝ። እንዴት ብዬ? ክፉ ቢሆኑ እኮ ቀላል ነበር። ሁሉም ሊረዱኝ ነው የመጡት።

ኅዳር 7

ከትናንት ጀምሮ ቆሽቴ እርር እንዳለ ነው። በማን ላይ? በእነሱ አይደለም። "እሺ" በምትለው ምላሴ ላይ ነው።

የሳቂታዋን ላፕቶፕ ተውሼ የመጫኛ ፍላሽ አዘጋጀሁ። መመሪያውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። "ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ?" አለኝ። ይጥፋ! ድራሹ ይጥፋ! ተጫንኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ልምምዶቼ! ያቺ ሰላምታ የምትሰጠኝ ፕሮግራም፣ ከዚያ በኋላ በስንት መከራ የጻፍኳቸው ሁሉ... አብረው ጠፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እኔ የምለቅመውም የለኝም።

ግን አንድ ሊኑክስ ብቻ ነው ያለው። ሲነሳ ምንም አይጠይቀኝም። የትኛውን እንደጫንኩ እዚህም አልጽፍም። ከሦስቱ አንዱ ይሁን ከሌላ ይሁን የራሴ ጉዳይ ነው። የመረጥኩት መመሪያው ስለገባኝ ነው። በእውነት ስለገባኝ።

ኅዳር 9

ዋርሳዬ ደወለ።

"የኔን አጠፋሽው አሉ?"

"አዎ ጋሼ። ሁሉንም ነው ያጠፋሁት።"

ይቅርታ፣ ነገ ና መልሰህ ጫንልኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምላሴን ነከስኩት።

"እና... ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"እሺ" ብሎ ዘጋው። አኩርፏል። ምሳም አልበላሁ። ግን አልደወልኩለትም።

አሠልጣኟ ዛሬ ስክሪኔን አይታ ቅንድቧን አነሳች። "መምህር፣ በዚህ ነው የምሠራው" አልኩ። "በፈተናው ላይ ቢያስቸግርሽ የራስሽ ኃላፊነት ነው" አለች። ነው እንጂ፣ የማን ሊሆን ነበር?

ኅዳር 15

የጠፉትን ልምምዶች ከጭንቅላቴ እንደገና እየጻፍኩ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ገጽ የሞላው ዛሬ ግማሹን አልሞላም። ድግግሞሹም ገባኝ። አንድን ነገር አሥር ጊዜ መጻፍ ቀርቶ አንዴ ጽፌ አሥር ጊዜ እንዲሠራ ማዘዝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ ነበርኩ እኮ የምደጋግመው!

ስህተት ሲመጣ አሁንም ደሜ ይፈላል። ቀይ በቀይ ሆኖ ሲወርድብኝ የሚሰድበኝ ነው የሚመስለኝ። ግን የመጨረሻውን መስመር ማንበብ ለመድኩ። ብዙ ጊዜ የሚለው፣ ነጥብ ረስተሻል ነው። በነጥብ እንዲህ ይጮኻል?

ኅዳር 24

ከእንግዲህ ሥራዬን አላጣም። ሁሉንም ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ላፕቶፑ ሲነሳ ፍላሹን ራሱ ፈልጎ እንዲከፍት ደግሞ በማስነሻው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጻፍኩ። በራሴ ነው ያደረግኩት! ጠጋኙን ደረጃው ላይ ሳገኘው ልነግረው አሰኘኝ። ሰላም ብሎኝ አለፈ። ስለ አለቱ መጠየቅ ትቷል። ትንሽ ከፋኝ፣ ምን ይደረግ።

ታኅሣሥ 3

ፈተና።

ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ። ጠረጴዛ ላይ ተራርቀን ተቀመጥን። አሠልጣኟ ወረቀት ታድላለች። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመሀላችን ይመላለሳል። ላፕቶፔን አበራሁ።

ጥቁር ስክሪን። ነጭ ጽሑፍ። ቆመ።

እግዚኦ... ሌሎቹ መጻፍ ጀምረዋል። የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማኛል። ላብ ጀርባዬ ላይ ወረደ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው ነው። ኃላፊው አየኝና መጣ። አሠልጣኟም አንገቷን አሰገገች። "ብያት ነበር" የሚል ፊት።

"ምን ሆነ?" አለ ኃላፊው። "ጊዜሽ እየሄደ ነው። አምጪው እስቲ።"

እጁን ዘረጋ። ክፍሉ የእሱ ነው፤ እንጀራዬ በእሱ እጅ ነው። እሺ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

"አላመጣም" አልኩ።

ሰው ቀና ብሎ አየን። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። "ይቅርታ፣ የኔ ነው፣ እኔ ላየው" አልኩ። እጁን ሰበሰበ። አልሄደም ግን፣ ጎኔ ቆሞ ቀረ። ይባስ!

የመጨረሻውን መስመር አነበብኩ። የሆነ ነገር ፈልጌ አጣሁ ይላል። ምን አጣህ? ሁለቴ አነበብኩት... ፍላሹ! ፍላሹን እቤት ረስቼዋለሁ። ራሴ ፈልግ ብዬ ያዘዝኩትን ፍላሽ እየፈለገ ነው ሞኙ። ሞኟስ እኔ! የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ። ፋይሉን ከፈትኩ። ያቺን የጻፍኳትን መስመር አገኘኋት፣ እንዳያነባት ፊቷ ላይ ምልክት አደረግኩባት። አስቀመጥኩ። እንደገና አስነሳሁ።

ተነሳ።

ኃላፊው "ህም" ብሎ ሄደ። ጥሩ ህም ይሁን መጥፎ ህም አላውቅም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የስልክ ጥሪ ዝርዝር ሰጥቶ ብዙ ጥሪ የገባለትን ክፍል ፈልጉ ይላል። ሠራሁት። ሁለተኛው ላይ ግማሹን እንደጻፍኩ ጊዜ አለቀ። ያቺ ፍላሽ በላችኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ደወለ፣ አላነሳሁም። ምን ብዬ ልንገረው? አለቃዬን በሰው ፊት እምቢ አልኩት ልበል?

ታኅሣሥ 4

አላለፍኩም ብዬ ደምድሜያለሁ። ሳቂታዋ ልታጽናናኝ ስትሞክር ጮህኩባት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ታኅሣሥ 10

አልፌያለሁ!

ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። ወረቀቱን እያየ፣ "ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጎድሎሻል፣ እሱን ትማሪያለሽ" አለ። ቀና ብሎ ደግሞ፣ "የተበላሸ ማሽን የሚመጣበት ክፍል ነው የኔ ክፍል። እንዳንቺ ተረጋግቶ የሚያነብ ሰው የለኝም" አለኝ። ተረጋግቶ? እኔ? ጀርባዬን አላየውም!

ባሌ ሲሰማ አቀፈኝ፤ አልቀለደም። ለዋርሳዬ ራሴ ደወልኩለት። "ጋሼ፣ በሰጠኸኝ ላፕቶፕ አለፍኩ" አልኩት። "የኔዋ ጎበዝ" አለኝ፤ ድምፁ ሰበር አለ። እኔም አለቀስኩ። ኩርፊያው እንዳለቀ ግን ያወቅኩት ቀጥሎ፣ "አሁን ከፈተናው ተገላግለሻል፣ ሚንትን መልሼ ልጫንልሽ?" ሲለኝ ነው።

"አይ ጋሼ፣ ይቅርብኝ።"

"አንቺ ልጅ!" ብሎ ሳቀ።

ታኅሣሥ 17

አዲሱ ክፍል። ወንበሩ ይንጫጫል። ሦስት ሰው ማሽኔ አልነሳ አለ ብሎ ደወለልኝ።

ሁለተኛ ዙር ፈተና እንዳለ ተለጥፏል። ሳቂታዋ ተመዝግባ ከሥራ በኋላ ላፕቶፗን ይዛ እቤት መጣች። አትስቅም፤ ፈርታለች። "የትኛውን ልጫን?" አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። የኔን! ከእኔ የተሻለ አለ እንዴ? አፌን ዘጋሁ። "የሦስቱን መመሪያ አንብቢና የገባሽን ጫኚ" አልኳት።

አነበበች። መረጠች። የኔን አይደለም። አይ እሷ! ከዚያ የመጫኛውን ቁልፍ መፈለግ ጀመረች። ዓይኗ ሥር ነው ያለው። ታልፈዋለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ታልፈዋለች። ጨጓራዬ ተላጠ። እጄ ሳላዘው ተነሳ። "አምጪ..." ብዬ ቀረሁ። እንዴት ከባድ ነው! ዋርሳዬም፣ ጠጋኙም፣ አሠልጣኟም እንዲህ ሲያሳክካቸው ነው የኖረው ለካ። እጆቼን ብብቴ ሥር ቀበርኩ።

"ምነው ዝም አልሽ? ንገሪኝ እንጂ!"

"አንብቢው።"

"ተናደድሽብኝ?"

"ኧረ አልተናደድኩም፣ አንብቢው ብቻ።"

ጊዜ ወሰደባት። አገኘችው። ተጫነችው። መሥራት ሲጀምር ብድግ ብላ፣ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያደረግኩት!" ብላ ጮኸች። ባሌ ምን ሆናችሁ ብሎ ከጓዳ ወጣ።

እጆቼን ሳወጣቸው ደንዝዘዋል።